ነጭ ስጎ ሁሉ የጾም አይደለም፦ በሜዲትራኒያን ምግብ ቤት የማያቸው ስህተቶች

በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድርያ ከተማ፣ የሊባኖስንና የግሪክን ምግብ አደባልቃ በምትሸጥ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ ከሚገቡት ደንበኞች አብዛኞቹ የአገሬ ሰዎች ናቸው። አይገርምም። ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሰሊጥና ደበርጃን በወይራ ዘይት የሚሠራበት ቤት ለጾመኛ ይመቻል። መመቸቱ ግን ያዘናጋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የነጩ ስጎ ነገር ነው። ከመስታወቱ ሥር አራት ነጭ ነገሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ግን «ነጩን ጨምርበት» ብሎ ዝም ይላል። የትኛውን? በሑዳዴ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ የመጡ አንዲት እናት ፈላፈል (ተፈጭቶ የተጠበሰ የሽንብራ ድብልብል) አዝዘው «ልጄ፣ ያቺን ነጯን አብዛልኝ» አሉኝ። ጣታቸው ያረፈው ጻጺኪ ላይ ነው። «እማማ፣ ይህ እኮ እርጎ ነው» ስላቸው ክው አሉ። «ታዲያ ባለፈው ዓርብ ያ ልጅ ሞልቶ ሲሰጠኝ ምነው ዝም አለ?» ያ ልጅ ምን ያድርግ፤ በጣታቸው ያሳዩትን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ስለ ምግቡ ትተው ለንስሐ አባታቸው ምን እንደሚሉ ሲጨነቁ ሳንድዊቹ ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ለይታችሁ እወቁ። ጻጺኪ እርጎ፣ ኪያርና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ በውስጡ አረንጓዴ የኪያር ፍንጣሪ ይታያል። ላብነ ውኃው ተጠልሎ የወፈረ እርጎ ሲሆን ላዩ ላይ ዘይት ይፈስበታል። ሁለቱም የፍስክ ናቸው። ጠሂና የሰሊጥ ቅባት በሎሚና በውኃ ቀጥኖ የሚሠራ ነው፤ መልኩ ወደ ክሬም ያደላል፣ ከማንኪያው ላይም ይወርዳል። (በነገራችን ላይ ጥሩ ጠሂና ሲገጥማችሁ ሰሊጡ የሁመራ ሊሆን ይችላል፤ የእስራኤል አምራቾች ከሚመርጧቸው ሰሊጦች አንዱ እሱ ነው።) ቱም ደግሞ ነጭ ሽንኩርት በዘይት፣ በሎሚና በጨው እየተመታ እስኪነጣና እስኪቆም የሚሠራ ነው። እነዚህ ሁለቱ የጾም ናቸው። ቱም ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ወጥ ቤት ቶሎ እንዲቆምለት የእንቁላል ነጭ ወይም ማዮኔዝ ይጨምርበታል። ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እኔም የምከፈለው ለዚሁ ነው።

«ቬጀቴሪያን ነኝ» ብሎ ማዘዝ ሌላው ወጥመድ ነው። እንደዚያ ካላችሁ አይብ የተነሰነሰበት ሰላጣ ቢመጣላችሁ ጥፋቱ የወጥ ቤቱ አይደለም። «ቪጋን» በሉ፤ ከእንስሳት የሚገኝ ምንም ነገር፣ ወተትና እንቁላልም ቢሆን አልበላም ማለት ነው። እሱንም ብላችሁ የምስር ሾርባው በዶሮ መረቅ እንዳልተሠራ፣ ሩዙ በቅቤ እንዳልተቆላ፣ ፈላፈሉም ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት እንዳልተጠበሰ ጠይቁ። በሩዝ የተሞላው የወይን ቅጠል ቀዝቅዞ ከቀረበ ብዙውን ጊዜ ሥጋ የለበትም፤ ትኩሱ ግን ብዙ ጊዜ አለበት። ጣፋጩ ባቅላቫ በየንብርብሩ ቅቤ ነው፤ ስለ እሱ አትከራከሩኝ። ምግብ አብሳዩ ግሪካዊ ኦርቶዶክስ ከሆነ ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ግን በእነሱ ጾም ሽሪምፕና ካላማሪ ይፈቀዳልና ደግ አስቦ ሳህናችሁ ላይ ጣል ሊያደርግላችሁ ይችላል።

ጋይሮስ፣ ማለትም በብረት ላይ እየዞረ ተጠብሶ የሚቆረጠው የግሪኮች ሥጋ፣ እዚህ አሜሪካ በአብዛኛው የበሬና የበግ ሥጋ ድብልቅ ነው። አቴንስ ሄዳችሁ ያንኑ ካዘዛችሁ ግን ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የአገሬ ሰው ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ከቦርሳቸው የሚጥሚጣ ብልቃጥ የሚያወጡ እናቶችን እወዳቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ግን እባካችሁ መጀመሪያ ቅመሱት። የሊባኖስ ምግብ በመፋጀት አይታወቅም፤ ጉልበቱ በኮምጣጣነቱ ነው። የሎሚው ቁራጭ ለጌጥ የተቀመጠ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጭመቁት። ፋቱሽ የሚባለው ሰላጣ ላይ የተነሰነሰው ቀይ ዱቄትም በርበሬ አይደለም፤ ሱማክ የሚባል ኮምጣጣ ፍሬ ነው። ታቡሌ ሲመጣላችሁ «ይህ ሁሉ ቅጠል ምንድን ነው?» አትበሉ። ታቡሌ በዋናነት የፐርሰሜሎ ሰላጣ ነው፤ የስንዴ ክኩ ጥቂት ነው። ክኩ ከቅጠሉ በልጦ ከመጣ ነው መቆጣት።

ዳቦውን ምግቡ ሳይመጣ መጨረስም አለ። ፒታው ትኩስ ሆኖ ስለሚቀርብ አንዱ ይቆርሳል፣ ሌላው ይከተላል፤ ሁሙሱ (ከሽንብራና ከጠሂና የተለወሰው ማጥቀሻ) ሲደርስ ሁሉም ጠግቧል። ሁሙስን በሹካ የሚበላ ሐበሻ ሳይ ደግሞ ይገርመኛል። ዕድሜ ልኩን በእንጀራ ሲጠቀልል የኖረ እጅ ዳቦ ቆርሶ መጥረግ እንዴት ያቅተዋል?

ሻዋርማ፣ ማለትም በብረት ላይ ተደራርቦ እየዞረ የሚጠበሰው የሊባኖሶች ሥጋ፣ ሰዓት አለው። ከማዘዛችሁ በፊት ብረቱን እዩ። ምሳ ሰዓት ላይ እየተሽከረከረ፣ ውጪው ተጠብሶ እየተቆረጠ ከሆነ እዘዙ። ማታ ልንዘጋ ስንል የቀረው ደርቆ ብረቱ ላይ የተጣበቀ ስለሆነ ምጣድ ላይ ይሞቅና ይሰጣችኋል። ፈላፈልም እንደዚያው ነው፤ ሽንብራው ሳይቀቀል ተዘፍዝፎ፣ ከቅጠል ጋር ተፈጭቶ ነው የሚጠበሰው። ሲገመስ ውስጡ አረንጓዴ፣ ቅርፊቱ ኩርሽም የሚል መሆን አለበት። መብራት ሥር የቆየውን ከማንሳት ጥቂት ደቂቃ ታግሣችሁ አዲስ አስጠብሱ።

«የሜዲትራኒያን ምግብ ጤና ነው» ብለው ሻዋርማ፣ ድንች ጥብስና ባቅላቫ በአንድ ጊዜ የሚያዝዙትን ምን እንደምላቸው አላውቅም። ይህን ዝና ያመጣው አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1958 ጀምሮ በሰባት አገሮች ባካሄደው ጥናት ውስጥ ያየው የቀርጤስ ገበሬ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ዳቦና የወይራ ዘይት እየበላ እርሻ ላይ የሚውል፣ ሥጋ ከስንት አንዴ የሚቀምስ ሰው ነው።

ሳይጠለል ከነአተላው የሚቀርበውን የግሪክና የሊባኖስ ቡና በተመለከተ ወገኖቼ ከሌላው ሰው የባሱ ናቸው፤ ቡና እናውቃለን ባዮች ነንና። ስኳሩ ከቡናው ጋር አብሮ ስለሚፈላ ስታዝዙ ነው መጠኑን የምትናገሩት። ሲኒው ከቀረበ በኋላ ስኳር ጨምሮ ማማሰል አተላውን ማንሳት ነው። ትንሽ ይዘቅጥ፤ ጠጡና ታችኛውን ተዉት።

የተረፈ ፈላፈል ወደ ቤት አትውሰዱ፤ ሲያድር ይደርቃል። ሁሙሱን ውሰዱ። ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ግን ወዲያው አትብሉት፤ ቅዝቃዜው እስኪለቀው ጠብቁና ትንሽ የወይራ ዘይት ጨምሩበት።