ካታሎጉ «ምንም አልተገኘም» ሲል፦ የላቀ ፍለጋ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ኢንተርኔቱ እንደሚሠራ፣ ትክክለኛው የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ እንደተከፈተና ሳያስቡት የተመረጠ የቋንቋ ማጣሪያ እንደሌለ አይታችኋል ብዬ ልጀምር። የምጽፈው ደብረ ብርሃን ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መረጃ የሚፈልጉ ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚያመጡልኝ ችግር ነው።

ምልክት፦ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ካታሎጉ የለም ይላል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው የተለየ ፊደል ነው። ካታሎጉ እንዲያመሳስላቸው ካልተዘጋጀ የጻፋችሁትን ብቻ ይፈልጋል። ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ «ፀሐይ»፣ አንድ ጊዜ «ጸሀይ» ብላችሁ ፈልጉ። የውጤቱ ብዛት ከተለያየ ካታሎጉ አያመሳስልም ማለት ነው።

ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሩትን ንጉሥ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን፣ እንውሰድ። «ዐፄ» የሚለውን ቃል በዐ፣ በዓ ወይም በአ ጀምሮ በፄ ወይም በጼ መጨረስ ይቻላል፤ ስድስት መንገድ። «ዘርዐ» በዐ፣ በዓ ወይም በአ ሲያልቅ ሦስት፣ «ያዕቆብ» በዕ ወይም በእ ሁለት። ሲባዛ 36 አጻጻፍ ይወጣዋል! ተማሪው ከእነዚህ አንዱን በትእምርተ ጥቅስ (ልክ እንደተጻፈው ብቻ ይፈለግ በሚለው ምልክት) ይዘጋና «የለም» ሲባል ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ይሄዳል።

አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በጥናት ዕቅዱ ላይ «በዚህ ርዕስ ቀድሞ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ ጽፎ መጣ። የፈለገው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሉ ስም፣ በጥቅስ ውስጥ ነበር። ጥቅሱን አንስተን፣ «ዐፄ»ን ጥለን፣ «ዘር*» ከሚለው (ኮከቡ «ከዚህ በኋላ ማንኛውም ፊደል ይምጣ» ማለት ነው) ጋር «ያዕቆብ» ወይም «ያእቆብ» እንዲወጣ ስናዝዝ የገዛ አማካሪው የፈረሙበት ጽሑፍ ከነመደርደሪያ ቁጥሩ መጣ። እባካችሁ፣ በአንድ ባዶ ውጤት ተነሥታችሁ «ጥናት የለም» ብላችሁ አትጻፉ። የሰው ድካም ነው የምትሰርዙት።

መፍትሄው እንዲህ ነው። የማዕረግ ስሞችን ተዉ። አጠራጣሪው ፊደል ከመድረሱ በፊት ቃሉን ቆርጣችሁ ኮከብ አድርጉ። «ብርሃን» ውስጥ ያለው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሆኖ ሊጻፍ ስለሚችል «ደብረ» ኤንድ (ሁለቱም ይኑሩ ማለት ነው) «ብር*» ብላችሁ ፈልጉ። «ብር*» ብቻውን ከሆነ ግን ብርድና ብርቱካን ይዞላችሁ ይመጣል። መቁረጥ የማይቻለውን ቃል በሁለቱም አጻጻፍ በቅንፍ አስገብታችሁ በኦር (አንዱ ቢገኝ ይበቃል) አገናኙት። ኤንድ፣ ኦር እና ኖት (ይህ ቃል ያለበት ይቅር) በላቲን ትልልቅ ፊደላት ይጻፉ፤ ትንንሹን እንደ ተራ ቃል የሚቆጥር ካታሎግ አለ። ኮከብ በጥቅስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ምልክቱም ከካታሎግ ካታሎግ ይለያያልና የእገዛ ገጹን አንብቡ። ማንም አያነበውም፤ አንብቡት።

ኮከብ የማይፈታው ሌላ ችግር አለ። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ እና ስለ ከቃሉ ፊት ይጣበቃሉ፣ ኮከብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በቃሉ መጨረሻ ላይ ነው። «አንኮበር*» ብላችሁ «የአንኮበር» የሚለውን ርዕስ አታገኙም። «አንኮበር» ኦር «የአንኮበር» ኦር «በአንኮበር» ኦር «ስለአንኮበር» ማለት ይኖርባችኋል። አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል።

ጥፋቱ የአንባቢ ብቻ አይደለም። አንዱን ደራሲ በሦስት አጻጻፍ መዝግቦ የተወ ቤተ መጻሕፍት አይቻለሁ። በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው የቀሩትን ሥራዎች ሳያያቸው ይሄዳል። አንድ መደበኛ አጻጻፍ መርጦ ሌሎቹን ወደ እሱ ማመላከት የመዝጋቢው ግዴታ ነው።

ምልክት፦ የውጭ ካታሎግ ስለ ሸዋ ጥቂት ብቻ ያሳያል

በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ሸዋን የጻፈው በኤስ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ ነው። ፈረንሳዮች በሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤ፣ ጣሊያኖች በኤስ፣ ሲ፣ አይ፣ ኦ፣ ኤ ይጽፉታል። ዛሬ የለመድነው ኤስ፣ ኤች፣ ኢ፣ ደብሊው፣ ኤ ነው። ሁሉንም በኦር አገናኙ። መንዝንም ከኤም ቀጥሎ አንድ ጊዜ ኢ፣ አንድ ጊዜ ኤ እየጻፋችሁ ፈልጉት።

ምልክት፦ «ሰሜን ሸዋ» ስትሉ የፍቼ ጥናት ይመጣል፣ የቆዩ ሥራዎች ይጠፋሉ

በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን አለ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተጻፈው ደግሞ አካባቢውን በአውራጃ ነው የሚጠራው። ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴ ብላችሁ ፈልጉ።

ምልክት፦ ደራሲው በስሙ አይገኝም

የኢትዮጵያዊ ስም በራሱ ስም ይጀምራል፦ ባሕሩ ዘውዴ፣ ታደሰ ታምራት። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስዶ «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብሎ የገለበጠ መዝገብ ስላለ በሁለቱም ቅደም ተከተል ሞክሩ። «ባህሩ»ንም አትርሱ።

ምልክት፦ የዓመት ማጣሪያ ሲጨመር ውጤቱ ይጠፋል

በ1966 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በውጭ ካታሎግ 1973 ወይም 1974 ተብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ማጣሪያውን በሁለቱም አቆጣጠር ሞክሩ፤ የምትጨምሩትም ቃላቱ ከሠሩ በኋላ ይሁን።

ምልክት፦ ርዕሱ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ሆኖ ይታያል

መዝገቡ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ከመለመዱ በፊት በነበሩ የአማርኛ መጻፊያዎች የገባ ነው። በአማርኛ ፍለጋ አይወጣም። ሠራተኛውን ጠይቁና መዝገቡ እንደገና እንዲጻፍ አመልክቱ።