ኢሴ በአንድ ቀን፦ ቅደም ተከተሉ፣ ሰዓቱና የት ቆመው እንደሚያዩ

ጃፓን ውስጥ ያለችው የመቅደስ ከተማ ኢሴ ደርሰው ቅር እያላቸው የሚመለሱ እንግዶች ቅሬታቸው አንድ ነው፤ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን አጥርና መጋረጃ አይተን ተመለስን ይላሉ። አልዋሹም። ሺንቶ በሚባለው በጃፓኖች ነባር እምነት ከሁሉ በላይ የሚከበረው ይህ መቅደስ በአራት ድርብ የእንጨት አጥር የተከለለ ነው። ጎብኚው ነጭ መጋረጃ የተንጠለጠለበት በር ፊት ቆሞ እጅ ነስቶ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ደማቅ ቀይ የተቀባ ደጃፍ የጠበቀም ያጣዋል፤ የኢሴ ቶሪዎች፣ ማለትም መግቢያው ላይ የሚቆሙት ባለ ሁለት ምሰሶ ደጆች፣ ቀለም ያልነካቸው እንጨቶች ናቸው። እዚህ የሚደሰተው የተሸፈነውን በየት በኩል ማየት እንደሚቻል አውቆ የመጣ ሰው ነው።

ከተማዋ ያለችው ከናጎያ በስተ ደቡብ፣ በሚኤ ግዛት ነው። መቅደሱም አንድ ሕንፃ አይደለም። 125 መቅደሶች በአንድነት «ጂንጉ» ተብለው ይጠራሉ፤ ዋነኞቹ ግን ሁለት ናቸው። ናይኩ፣ የውስጠኛው፣ የፀሐይ አምላክ የሆነችው የአማቴራሱ ነው። ጌኩ፣ የውጪኛው፣ ለአማቴራሱ ምግቧን የምታቀርበው የቶዮኡኬ ነው። በመካከላቸው አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ ስለዚህ «ኢሴን አየሁ» ለማለት ሁለት ቦታ መሄድ ግድ ነው። አንዱን ብቻ አይቶ መመለስ በጃፓኖች ዘንድ «ካታማይሪ»፣ ጎዶሎ ስግደት፣ ይባላል።

ዋናዎቹ መቅደሶች በየ20 ዓመቱ ከመሠረታቸው እንደ አዲስ ይሠራሉ። ለእያንዳንዳቸው ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ተከልሎላቸዋል፤ በአንዱ ላይ መቅደሱ ቆሞ ሳለ በሌላው ላይ አዲሱ ሂኖኪ ከሚባለው የጥድ ዘር ይሠራና፣ ሲያልቅ አምላኳ በሌሊት ሥርዓት ወደ አዲሱ ትሸጋገራለች። ይህ የተጀመረው በ690 እ.ኤ.አ. ነው። በጦርነት ዘመናት ተቋርጦ ቢያውቅም 62ኛው በ2013 ተፈጽሟል፤ ቀጣዩ በ2033 ነው። ስለዚህ ከአጥሩ ጎን ጠጠር የተነጠፈበት ባዶ ሜዳ፣ በመካከሉም አንዲት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ካዩ፣ ዝም ብለው አይለፉት። ያለፈው የቆመበት፣ የሚመጣውም የሚቆምበት ቦታ ያ ነው።

ከኢትዮጵያ ለሚነሣ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለጃፓን ቪዛ ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ቶኪዮ አጠገብ ናሪታ ያርፋል። ከቶኪዮ ናጎያ ሺንካንሰን በተባለው እጅግ ፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። ከናጎያ ወዲያ ያለውን የሚያገናኘው ኪንቴትሱ የተባለ የግል ባቡር ሲሆን፣ በልዩ ፈጣኑ ከናጎያ ኢሴሺ ጣቢያ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ ከኦሳካ 1 ሰዓት ከ45፣ ከኪዮቶ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ስሕተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የኪንቴትሱ ልዩ ፈጣን ባቡር ሁለት ክፍያ አለው፤ መደበኛው ዋጋና የፈጣኑ ተጨማሪ ቲኬት። እንደ ሱዊካና ኢኮካ ያለውን የመጓጓዣ ካርድ በሩ ላይ ሲያስነኩ የሚቆረጠው መደበኛው ብቻ ነው፤ ወንበር ቁጥር ያለበትን ሁለተኛውን ቲኬት ከመሣፈርዎ በፊት ከማሽኑ ወይም ከመስኮቱ ይግዙ። ተጨማሪውን መክፈል ካልፈለጉ ተራውን ፈጣን ይያዙ፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ያደርሳል። የጄአር (የጃፓን ባቡር ድርጅቶች) የጉዞ ፓስ የያዘ ሰው ኪንቴትሱ ላይ አይሠራለትም። «ሚኤ» የተባለው የጄአር ባቡር ከናጎያ ኢሴሺ ቢሄድም፣ መንገዱ በከፊል የሌላ ድርጅት ሐዲድ ስለሆነ 500 የን ገደማ በጥሬ ገንዘብ ያስጨምራል። ሁለተኛው ወጥመድ ስም ነው። ኢሴ ናካጋዋ ባቡር የሚቀየርበት መገናኛ ነው፤ «ኢሴ» የሚለውን ሰምተው እዚያ ከወረዱ ገና ናቸው። ኢሴሃራ ደግሞ ጭራሽ ቶኪዮ አጠገብ ያለ ሌላ ከተማ ነው። የሚወርዱት ኢሴሺ ወይም ቀጥሎ ያለው ኡጂያማዳ ላይ ነው።

ቢቻል ዋዜማውን ኢሴሺ ጣቢያ አካባቢ ይደሩ። ሁለቱም መቅደሶች መግቢያቸው ነጻ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ በጃፓን ሰዓት 5፡00፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ይከፈታሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በጃፓን፣ ወሮቹና ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) መዝጊያው ይለያያል፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት 17፡00፣ በፈረንጆች ከግንቦት እስከ ነሐሴ 19፡00፣ በቀሩት 18፡00 ነው። ከናጎያ ጠዋት ተነሥቶ የሚመጣ ሰው ናይኩ የሚደርሰው ከአስጎብኚ አውቶቡሶቹ ጋር እኩል ነው። እዚያው ያደረ ግን ሁለቱንም ጨርሶ ቁርሱን ሲበላ ሕዝቡ ገና መግባቱ ነው። ሻንጣ ካለዎት ጣቢያው ውስጥ በሳንቲም የሚዘጋ ሎከር ውስጥ ያኑሩት፤ መቅደሱ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ጥልቅ ጠጠር ስለሆነ ባለ ጎማ ሻንጣ አይጎተትም። ተረከዘ ቀጭን ጫማም እንዲሁ ይሰምጣል።

ልማዱ ጌኩ መጀመሪያ፣ ናይኩ ቀጥሎ ነው። በጂንጉ ሥርዓቶችም መባው አስቀድሞ የሚቀርበው በጌኩ ነው። ጌኩ ከኢሴሺ ጣቢያ ቀጥ ብለው በሚወርደው መንገድ በእግር ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው። በጌኩ መንገዱን በግራ ይዘው ይሂዱ፣ በናይኩ ግን በቀኝ፤ መሐሉን የሚሄድበት የለም።

መግቢያው ላይ ውኃ ያለበት ገንዳና የእንጨት ጭልፋ ያገኛሉ። ጭልፋውን በቀኝ እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ይሙሉ፤ ሥርዓቱ በሙሉ በዚያች አንድ ጭልፋ ማለቅ አለበትና ውኃውን ይቆጥቡ። ግራ እጅዎን ይታጠቡ፣ ጭልፋውን አዛውረው ቀኝዎን፣ እንደገና ወደ ቀኝ መልሰው በግራ መዳፍዎ ጥቂት ውኃ ቀድተው አፍዎን ይጉመጥመጡ። ጭልፋውን ከንፈርዎ ላይ ማድረግ ነውር ነው። ግራ እጅዎን ድጋሚ አለቅልቀው፣ በመጨረሻ ጭልፋውን ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት የተረፈችው ውኃ እጀታው ላይ ወርዳ ታጥበዋለች። የተጉመጠመጡትን ገንዳው ውስጥ ሳይሆን ከሥር ባለው ጠጠር ላይ ይትፉ።

በመቅደሱ ፊት የሚደረገው አጭር ነው፤ ባርኔጣ ይውለቅ፣ ሁለት ጊዜ ከወገብ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት፣ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እጅ መንሣት። ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ በጸጥታ ቢቆም የሚቆጣው የለም። በዋናው መቅደስ ፊት የሳንቲም ሣጥን የለም፤ ድሮ ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር መባ ማቅረብ ለማንም የተከለከለ ነበር። ሰዉ ግን መወርወሩን ስላልተወ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለታል። በዋናው ምስጋና እንጂ ልመና አይቀርብም ይላሉ፤ የግል ጉዳይ ያለው በዚያው ግቢ ወዳሉት ሌሎች መቅደሶች፣ በጌኩ ወደ ታካ ኖ ሚያ፣ በናይኩ ወደ አራማትሱሪ ኖ ሚያ ይሄዳል። ታካ ኖ ሚያ ለመድረስ 98 የድንጋይ ደረጃ መውጣት አለ፤ ጉልበት የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ይወስን። በሌሎች መቅደሶች የሚሸጠውን የዕጣ ወረቀት ግን ኢሴ ውስጥ አይፈልጉት፤ ኢሴ የመጡበት ቀን ሁሉ መልካም ነው ብለው አይሸጡትም።

ጌኩ ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ለአማልክቱ ምግብ ይቀርባል፤ በሞቃቱ ወቅት፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም፣ 8፡00 እና 16፡00፣ በቀዝቃዛው 9፡00 እና 15፡00። ነጭ የለበሱ ካህናት ሣጥን ተሸክመው በጠጠሩ ላይ ሲያልፉ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በዚያው ግቢ ያለው ሴንጉካን የተባለ ሙዚየም ውስጥ የጌኩ ዋና መቅደስ ከፊል አካል በእውነተኛ መጠኑ ተሠርቶ ቆሟል። አጥሩ የደበቀውን በቅርብ የሚያዩበት ቦታ ይህ ስለሆነ፣ የዕረፍት ቀኑን አስቀድመው አረጋግጠው ይግቡበት።

ከጌኩ ፊት ለፊት ወደ ናይኩ አውቶቡስ አለ፤ 51 ወይም 55 ቁጥር፣ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ ዋጋው 500 የን ገደማ ነው። በእግር መሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ መንገዱም የመኪና መንገድ ስለሆነ አይመከርም። ኢሱዙጋዋ የተባለው ባቡር ጣቢያ ካርታ ላይ ለናይኩ የቀረበ ቢመስልም ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል።

ናይኩ በኡጂ ድልድይ ይጀምራል። ርዝመቱ 101.8 ሜትር ነው፤ ድልድዩም በየ20 ዓመቱ ይታደሳል። በሁለቱ ጫፍ የቆሙት ቶሪዎች የተጠረቡት ከፈረሱት የናይኩና የጌኩ መቅደሶች ትላልቅ ምሰሶዎች ነው፤ መግባት የማይፈቀድበትን ቤት እንጨት በእጅዎ መንካት የሚችሉት እዚህ ነው። በፈረንጆች ታኅሣሥ ማለቂያ፣ ቀኑ በሚያጥርበት ሰሞን፣ ፀሐይ የምትወጣው ልክ በቶሪው መሐል ነው፤ ካሜራ ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ቦታ የሚይዘው ገና ሳይነጋ ነው።

ከድልድዩ ወዲያ በቀኝ በኩል መንገዱ ወደ ኢሱዙ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ድንጋይ በተነጠፈው ዳርቻ ቁጢጥ ብለው እጅዎን በወንዙ ይታጠቡ። ዝናብ የዘነበ ዕለት ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ውኃውም ከፍ ስለሚል በገንዳው ይበቃዎታል። ከድልድዩ እስከ ዋናው መቅደስ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። በመጨረሻ የድንጋይ ደረጃ ያገኛሉ፤ ፎቶ ከደረጃው ግርጌ ይፈቀዳል፣ ከወጡ በኋላ ክልክል ነው፤ ጠባቂው ያስቆምዎታል። ከላይ ነጩ መጋረጃ ይጠብቅዎታል። ነፋስ ገለጥ ካደረገው ሰዉ ሁሉ ፊቱ ይፈካል፤ አምላኳ እንግዳዋን እንደተቀበለች ይቆጥሩታልና።

ብዙው ሰው ከዚህ ተመልሶ ወደ ምግቡ ይሮጣል፤ እርስዎ ግን ወደ አራማትሱሪ ኖ ሚያ የሚወስደውን መንገድ ይያዙ። በመንገድዎ ላይ ሚሺኔ ኖ ሚኩራ የተባለ የሩዝ ጎተራ አለ። ትንሽ ነው፤ አሠራሩ ግን የዋናው ዓይነት ነው። ምሰሶው ያለ መሠረት ድንጋይ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተተክሏል፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሏል፣ ጣሪያው ሣር ክዳን ነው፣ አናቱ ላይ ድብልብል ግንዶች አግድም ተደርድረዋል። እነዚህን ግንዶች ይቁጠሩ። በናይኩ ዋናው መቅደስ ጣሪያ ላይ 10፣ በጌኩ 9 ናቸው። በጣሪያው ጫፍ ተሻግረው ወደ ላይ የወጡት ጣውላዎችም ናይኩ ላይ አናታቸው አግድም ተቆርጧል፣ ጌኩ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ታች። በአጥሩ ላይ ከሩቅ ከሚታየው ጥቂት ነገር ሁለቱን መለያው ይህ ነው።

በየወሩ 1፣ 11 እና 21 ቀን 8፡00 ገደማ፣ የአየሩ ሁኔታ ከፈቀደ፣ የተቀደሰው ፈረስ ጥልፍ ልብስ ደርቦ ወደ መቅደሱ ፊት ይመጣል። ወሩ በገባ በ1 ቀን የአገሬው ሰውም በብዛት ስለሚሳለም መጨናነቁን ታሳቢ ያድርጉ። ከአዲስ ዓመታቸው የመጀመሪያ ቀናት ግን፣ ሰልፍ ካልወደዱ፣ ይራቁ።

ከኡጂ ድልድይ ወጥቶ በስተ ቀኝ 800 ሜትር ያህል የሚረዝመው የኦሃራይማቺ ገበያ ነው። አካፉኩ የተባለው ቤት ከ1707 ጀምሮ አንድ ነገር ይሸጣል፤ ከሩዝ የተሠራ ልስልስ ሞቺ ላይ የተለበጠ የአዙኪ ባቄላ ጣፋጭ። ላዩ ላይ ያሉት የጣት ቦዮች የኢሱዙ ወንዝ ፍሰት፣ ነጩ ሩዝ የወንዙ ጠጠር ምሳሌ ናቸው። ሩዝ፣ ባቄላና ስኳር ስለሆነ ለጾመኛም ይሆናል፤ ዋናው ቤት ደግሞ 5፡00 ይከፍታል። ለስጦታ ከገዙ በሁለት ቀን ውስጥ ይበላ፤ ከዚያ ይደርቃል። ኢሴ ኡዶን ወፍራምና በጣም የለሰለሰ ፓስታ መሰል ነገር ነው፤ የሚያኝኩትን የሚወድ ሰው አይወደውም። ጥቁሩ መረቅ ብዙ ጊዜ የዓሣ ቅመም ስላለው፣ ዓሣ የማይበላ ጾመኛ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሱቆቹ ከ17፡00 በኋላ አይጠበቁም፤ በቀዝቃዛው ወቅት ከዚያም ቀደም ብለው ይዘጋሉ።

ቀን ከተረፈዎት ከኢሴሺ በጄአር አሥር ደቂቃ ያህል ተጉዘው ፉታሚኖኡራ ይውረዱ። 15 ደቂቃ በእግር ሄደው በወፍራም የገለባ ገመድ የተሳሰሩትን «ባልና ሚስት» ዐለቶች ከባሕሩ ውስጥ ያያሉ። የጥንት ተሳላሚዎች ወደ ጂንጉ ከመግባታቸው በፊት በዚህ ባሕር ይታጠቡ ነበር። ፀሐይ በሁለቱ ዐለቶች መሐል የምትወጣው ከግንቦት እስከ ሐምሌ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላ ወቅት ለዚያ ብለው ማለዳ አይነሡ። የመልስ ባቡሩም ብዙ ጊዜ በሰዓት አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነውና፣ ከጣቢያው ሳይወጡ የሰዓት ሰሌዳውን ፎቶ ያንሱት።