የተጎዳ ግድግዳን በጂፕሰም ቦርድ ማልበስ

በጣና ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢም ሆነ ወደ መሀል ባሕር ዳር፣ የቆዩ ቤቶች ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ ሲላጥና ነጭ ጨው ሲያወጣ ማየት የተለመደ ነው። በየዓመቱ ልስን ከመጠገን በጂፕሰም ቦርድ፣ ማለትም ፊትና ጀርባው ወረቀት በለበሰ የጂፕሰም ሰሌዳ፣ ማልበሱ ይቀላል። ቦርዱ ግን ገመና ይሸፍናል እንጂ ውኃ አያቆምም።

ስለዚህ ምርመራው ይቅደም። አንድ ሜትር ካሬ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፈው ዙሪያውን ያሽጉና ለሁለት ቀን ይተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ውኃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፤ ከፊቱ ከሆነ የክፍሉ እንፋሎት ነው። ምርመራው ነሐሴ ላይ፣ ሥራው የካቲት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ውኃው ከግድግዳው ከሆነ አሸንዳውን ይጠግኑ፤ በውጭ በኩል የተከመረውን አፈር ከቤቱ ወለል በታች ዝቅ ያድርጉ። ለእርጥበት ቦታ የሚሠራው አረንጓዴ ቦርድም ቢሆን እርጥበት ይችላል እንጂ ውኃ አይችልም።

ቀጥሎ ልስኑን ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ያራግፉ። ደረቅና ጠንካራ የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ ቦርዱን በማጣበቂያ ጂፕሰም መለጠፍ ይቻላል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ግን አይሞከርም፤ ጭቃው ራሱ ተገንጥሎ ይወርዳል። ለእርሱ ከግድግዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ የሚቆም ስስ የዚንክ ብረት ያስፈልጋል። የእንጨት ሞራሌ በዋጋ ይረክሳል፤ ምስጥ ባለበት ቤት ግን ርካሽነቱ ብዙ አይቆይም።

ብረቱን ከወለሉና ከኮርኒሱ ማገር ጋር ይሰሩት፤ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ ያረጋግጡ። የቦርዱ ወርድ 120 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ቋሚዎቹ ከመሀል እስከ መሀል በ60 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ያን ጊዜ መጋጠሚያው ሁልጊዜ ብረት ላይ ያርፋል። ቴሌቪዥን ወይም መደርደሪያ የሚሰቀልበት ቦታ ካለ ወፍራም ጣውላ አሁኑኑ ከውስጥ ያስገቡ። የሶኬት ሳጥኖችን ወደ አዲሱ ግድግዳ ፊት ማውጣት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው።

ቦርዱን ለመቁረጥ መጋዝ አያስፈልግም። ፊቱን በቢላ አንዴ ይሰንጥቁ፣ ወደ ኋላ ይስበሩት፣ የጀርባውን ወረቀት ይቁረጡ። ከወለሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በ25 ሚሊ ሜትር ብሎን ይሰሩት፤ ክፍተቱን ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ይሸፍነዋል። የብሎኑ ራስ ጠለቅ ይበል፣ ወረቀቱን ግን አይብሳ፤ ወረቀቱ ከተቀደደ ብሎኑ አይዝም።

መጋጠሚያዎቹን በመረብ ፕላስተርና በስቱኮ ይድፈኑ፤ ሲደርቅ እየደረቡ እስከ ሦስት ጊዜ ይቀቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ። ቀለም ከመቀባትዎ በፊት አምፖል ወደ ግድግዳው ጎን አስጠግተው ያብሩ፤ ጥላ የጣለ ቦታ ሁሉ ገና አልተስተካከለም።