ክፉ የተባለውን ልጅ እንዴት እንጻፈው?

አራት ኪሎ ለታዳጊዎች ድርሰት አስተምራለሁ። የልዕለ ጀግና ፍቅር ሲጽፉ ብዙዎቹ ከአለባበስና ከጉልበት ይጀምራሉ። እኔ ግን ክፉ ከተባለው ልጅ ጀምሩ እላለሁ። ታሪኩን የሚሸከመው እሱ ነው።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ያየው ጥፋት ስጡት። ለምሳሌ፣ ለገሃር ላይ ባቡር የሚያቆም የ17 ዓመት ልጅ። የከተማችን ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ልጁ መብራቱን ሲያጠፋ ተሳፋሪው እላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ሰፈሩም ይረግመዋል። ከዚያ ምክንያቱን ፍጠሩ፦ ሊበጠስ ያለ ሽቦ ድምፅ ከማንም ቀድሞ ይሰማዋል። ታዲያ ለምን አልተናገረም? እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንዴ ተናግሮ ማንም እንዳላመነው አሳዩ። የሳቁበትን ጎረቤቶች፣ ዝም ያለችውን እናቱን ጭምር።

ጀግናዋ ትበራለች እንበል። ይበቃል።

ፍቅሩ የሚያምረው ማንነታቸውን ሳይተዋወቁ ሲቀራረቡ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ የባቡር መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እሷ የምሥራቅ ምዕራቡን፣ እሱ የሰሜን ደቡቡን ቢጠብቁም የሚቆሙት አንድ ፌርማታ ላይ ነው። ቆሎ ታካፍለው። “እወድሻለሁ” ለማለት አይቸኩል፤ ማታ ላይ “በሰላም ገባሽ?” ብሎ ቢጽፍላት ልብ ይነካል።

ማንነቱን ስታውቅ ቶሎ ይቅር አታስብሏት። መብራት በጠፋ ጊዜ ደረጃ ላይ ስለወደቁት እማማ ትጠይቀው። እሱም ዐይኗን እያየ ይመልስ።