ተጠርጎም አልጸዳ ያለ ቦይለር፦ የጥቀርሻ መጥረጊያዎች ችግርና መፍትሄ

የጭስ ማውጫው ቴርሞሜትር ከወትሮው ከፍ ብሏል። ነዳጅ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። እንፋሎቱ ግን አልጨመረም፤ ጭራሽ "ፕሬዠሩ አልደርስ አለ" የሚል ስሞታ መጥቷል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሰው ጥቀርሻን ይጠረጥራል፤ ጥርጣሬውም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተጠረገ በኋላ ነው። ወይ ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አይልም፣ ወይ ብሩሹ ቱቦ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ወይ ሱት ብሎወሩ (ጥቀርሻ ነፊው መሣሪያ) ጥቀርሻውን ትቶ ቱቦውን መብላት ይጀምራል።

በቅድሚያ ቦይለርዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። በፋየር ቲዩብ ቦይለር ትኩሱ ጭስ የሚያልፈው በቱቦው ውስጥ ነው፤ ውሃው በውጭ ይከበዋል። ስለዚህ የሚጠረገው የቱቦው ሆድ ነው። መሣሪያው ብሩሽ፣ መፋቂያ ወይም በሞተር የሚዞር ተጣጣፊ ሻፍት ሲሆን፣ ሥራውም የሚሠራው ቦይለሩ ቆሞና ቀዝቅዞ ነው። ዋተር ቲዩብ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃው በውስጥ፣ ጭሱ በውጭ። እዚያ ዋናው መሣሪያ ሱት ብሎወር ነው። ቦይለሩ እየሠራ፣ በእንፋሎት ወይም በታመቀ አየር ጥቀርሻውን ያራግፋል።

ተጠርጎም ሙቀቱ አልወርድ ሲል

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ከመጥረጉ በፊት ቁጥር አይጽፍም። ያለ ቁጥር ደግሞ "ተሻለው፣ አልተሻለውም" የሚለው ክርክር ብቻ ይሆናል። የእንፋሎቱን ግፊት፣ በርነሩ (ነዳጁን የሚያቃጥለው ክፍል) ስንት ላይ እንደሚሠራና የጭሱን ሙቀት ከመጥረግ በፊትም በኋላም ይመዝግቡ። ሁለቱ ንባቦች በአንድ ዓይነት ጭነት፣ ማለትም ቦይለሩ እኩል እንፋሎት እያመረተ፣ የተወሰዱ መሆን አለባቸው። በግማሽ ጭነት የተነበበ ሙቀት በሙሉ ጭነት ከተነበበው ጋር ቢነጻጸር ትርጉም የለውም።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ በ10 ባር የሚሠራ ቦይለር ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ 184 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ንጹሕ ፋየር ቲዩብ ቦይለር በሙሉ ጭነት ሲሠራ ጭሱ ከእንፋሎቱ ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ያህል ቢበልጥ የተለመደ ነው። ቴርሞሜትሩ 300 ካሳየ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ውሃውን ሳያፈላ ወደ ሰማይ እየሄደ ነው። በሥራው የተለመደው ግምት የጭሱ ሙቀት በ20 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከነዳጁ 1 ከመቶ ያህል ይባክናል የሚል ነው።

አሁን ጠርገው ጨርሰው ሙቀቱ ያው ከሆነ፣ አንድ ሰው በቱቦው አንድ ጫፍ ባትሪ እንዲያበራ ያድርጉ፤ እርስዎ በሌላኛው ጫፍ ይመልከቱ። በደንብ የተጠረገ ቱቦ ግራጫ የብረት ቀለም ያሳያል፤ ክቡም ሙሉ ነው። ጥቁር ሆኖ ለስላሳ የሚመስል ከሆነ ብሩሹ ጥቀርሻውን አለሰለሰው እንጂ አላነሳውም። ይህ የሚሆነው ሽቦው ሲያልቅ ወይም ብሩሹ ከቱቦው ስፋት ሲያንስ ነው። ብሩሽ የሚለካው በቱቦው የውስጥ ስፋት ነው፤ ሲገባ ትንሽ መጫን አለበት። ያለ ምንም ትግል የሚገባ ብሩሽ ካለዎት ይጣሉት። ጥቀርሻው ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ደግሞ ብሩሽ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ በመፋቂያ ይሰብሩት፣ ከዚያ በብሩሽ ያውጡት። አንዳንድ ቱቦዎች ውስጥ ጭሱን የሚያሽከረክሩ ጠመዝማዛ ብረቶች አሉ። እነዚህን ሳያወጡ መጥረግ ድካም ብቻ ነው፤ ከጠረጉ በኋላ ሳይመልሱ መዝጋት ደግሞ ጭሱ ሙቀቱን ሳይሰጥ እንዲሮጥ መንገድ መክፈት ነው።

ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ሙቀቱ ካልወረደ መጥረጊያውን መውቀስ ይተዉ። ጥፋቱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው። አንደኛው በውሃው በኩል ያለው ስኬል፣ ማለትም ከውሃው ወጥቶ ብረቱ ላይ የሚጋገረው ቅርፊት ነው። ይህን ብሩሽ አይደርስበትም፤ የውሃ አያያዝና የኬሚካል እጥበት ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጭሱን ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚመራው ግድግዳ መሰንጠቁ ወይም የበሩ ጋስኬት (ማሸጊያው) ማለቁ ነው፤ ጭሱ ዙሩን ሳይጨርስ በአቋራጭ ይወጣል። በሩ አካባቢ የተቃጠለ ቀለም ወይም ጥቁር የጭስ መስመር ካዩ ምስክሩ እሱ ነው። ሦስተኛው በርነሩ ከልክ በላይ ነዳጅ ማቃጠሉ ነው።

ብሩሹ ሲቀረቀር

ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ነው፤ መሐል ላይ ወደ ኋላ ተጎትቷል። የብሩሽ ሽቦ ሲገባ ወደ ኋላ ይተኛል። መሐል ላይ ሲጎትቱት ሽቦው ሊገለበጥ ሲል ቱቦው ውስጥ ይሰነቀራል። ስለዚህ ብሩሹን እስከ ሌላኛው ጫፍ አሳልፈው፣ ሽቦው ሙሉ በሙሉ ከቱቦው ከወጣ በኋላ ነው መመለስ ያለበት።

ከተቀረቀረ በጉልበት አይጎትቱ። ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉና ሻፍቱን በእጅ ብሩሹ በሚጠብቅበት አቅጣጫ እያዞሩ ወደፊት ይግፉት። በተቃራኒው ካዞሩት ጥርሱ ይፈታና ብሩሹ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ ያኔ ሥራው ሁለት ይሆናል። እንቢ ካለ በገባበት በኩል ቀጭን የብረት ቧንቧ አስገብተው ወደፊት መግፋት ይሻላል።

ሞተሩ እየጮኸ ብሩሹ ካልዞረስ? ወይ የውስጡ ሻፍት ተቆርጧል፣ ወይ መያዣው ብሎን ላልቷል። ሻፍቱ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ከተነሳ ደግሞ ሠራተኛው በጣም እየገፋው ነው። መሣሪያው ይዙር፤ እጅ የሚመራው ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ አንዴ የተሰበረ ቦታ ካለ ያንን ሻፍት ለሌላ ቀን አያቆዩት፤ የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው።

ሱት ብሎወሩ ቱቦ ሲበላ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ለረጅም ጊዜ አይታይም። ቦይለሩ ለጥገና ሲቆም ከኖዝሉ (እንፋሎቱ ከሚወጣበት አፍ) ፊት ለፊት ያለውን ቱቦ በባትሪ ይመልከቱ። ሌላው ሁሉ አመድ ለብሶ አንዱ ቦታ ብቻ እንደ አዲስ ሳንቲም የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብረቱ እየተፋቀ ነው። በእጅ ሲዳስሱት ጠፍጣፋ ሆኖ ይገኛል። ቱቦው መቀየር ያለበት መሆኑን ዓይን አይወስንም፤ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ መለኪያ ያስለኩ።

ዋናው ተጠርጣሪ እርጥብ እንፋሎት ነው። ሱት ብሎወሩ ከቆመ በኋላ መስመሩ ውስጥ የቀረው እንፋሎት ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ቫልቩ ሲከፈት ያ ውሃ በእንፋሎቱ ፍጥነት ተወርውሮ ቱቦውን ይመታል። መፍትሄው ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከመንፋትዎ በፊት የድሬን (የውሃ ማፍሰሻ) ቫልቩን ከፍተው መስመሩ እስኪሞቅና ደረቅ እንፋሎት እስኪወጣ ይጠብቁ። ቧንቧው ወደ ድሬኑ ማዘንበሉን ያረጋግጡ። ብዙ ቦታ መስመሩ መሐል ላይ ረግቦ ውሃ የሚያቁርበት ጉድጓድ ሠርቶ ይገኛል፤ ድጋፉን ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኖዝሉ አቀማመጥ ነው። በቋሚነት ተተክሎ የሚዞረው ዓይነት ሱት ብሎወር ረጅም ቧንቧ ላይ የተደረደሩ ኖዝሎች አሉት፤ መንፋት ያለባቸው በቱቦዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ቧንቧው ሲሞቅ ይረዝማል፣ ኖዝሎቹም አብረው ይሸሻሉ። በቀዝቃዛ ጊዜ "ልክ መሐል ላይ ነው" ተብሎ የታሰረው በሥራ ሰዓት ቱቦው ላይ ሊያነጣጥር ይችላል። ሲገጠም የመርዘሚያው ልክ ታስቦ መሆን አለበት። ቧንቧውን የሚይዘው ማንጠልጠያ ተቃጥሎ ከወደቀም ውጤቱ ያው ነው። ሦስተኛው የግፊት መብዛት ነው። ጥቀርሻው አልለቅ ሲል ግፊት መጨመር የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ ላይ ባስቀምጠው እመርጣለሁ። አምራቹ ያዘዘውን ይጠብቁ።

ላንሱ ውስጥ ሲቀር

ወደ ውስጥ ገብቶ የሚመለሰው ዓይነት ሱት ብሎወር ላንስ የሚባል ረጅም የመንፊያ ቧንቧ አለው፤ ይህ አንዳንዴ ገብቶ ይቀራል። እዚህ ላይ የደመ ነፍስ እርምጃ ጥፋት ያመጣል። "እንፋሎቱን ዝጋው!" የሚል ሰው አይጠፋም። አይዝጉት። ላንሱን ከዚያ ሙቀት የሚያድነው በውስጡ የሚያልፈው እንፋሎት ነው። ቢዘጋ ብረቱ ይለሰልስና በራሱ ክብደት ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ በቀዳዳው አይወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ ሲነፋ ፊት ለፊቱ ያለውን ቱቦ ይፍቃል። ስለዚህ እንፋሎቱ ክፍት ሆኖ፣ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ተቆርጦ፣ በእጅ ማዞሪያው ወዲያው ማውጣት ነው። ለዚህም ማዞሪያው ሁልጊዜ እዚያው አጠገብ መሰቀል አለበት። ሌላ ክፍል ተቆልፎ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው።

ከወጣ በኋላ ምክንያቱን ይፈልጉ። ፓኪንጉ (በላንሱ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ) ከልክ በላይ ጠብቆ ላንሱን አንቆት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ፍንጣቂ ለማቆም ሲባል ዳዶው ያለ ልክ ሲጠብቅ ነው። ካቴናው ተበጥሶ ወይም ማርሹ ጥርስ ጎድሎት ሊሆን ይችላል። ሊሚት ስዊቹ በአመድ ተደፍኖ "ደርሰሃል፣ ተመለስ" የሚለውን ትእዛዝ አልሰጠም ይሆናል። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖት በኦቨርሎድ ከቆመ ዝም ብለው መልሰው አያስነሱት። ላንሱ ቀጥ ማለቱን መጀመሪያ ያረጋግጡ።

ላንሱ ተመልሶ ቆሞ ሳለ እንፋሎት የሚያፏጭ ከሆነ የራሱ ቫልቭ መቀመጫ ተበልቷል። ጥቂት ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ያ ፉጨት ቀን ከሌሊት አንድ ግድግዳ ቱቦ ላይ ነው የሚያርፈው። መቀመጫው ይሞረድ ወይም ይቀየር።

ሲነፋ እሳቱ ከጠፋ

ጭነቱ ዝቅተኛ ነበር ማለት ነው። በትንሽ እሳት ላይ ያ ሁሉ እንፋሎት ሲገባ ነበልባሉ ይረበሻል፤ የተነሳው ጥቀርሻና ያልተቃጠለው ነዳጅ ተቀላቅለው መፈንዳትም ይችላሉ። ጭነቱ ከግማሽ በላይ ሆኖ ሲረጋ፣ የጭሱ መሳብ ከፍ ተደርጎ ይነፋል። ቅደም ተከተሉም ከእሳቱ ክፍል ወደ ጭስ ማውጫው ነው። ከኋላ ከጀመሩ የጠረጉትን መልሰው ያቆሽሹታል።

ጥቀርሻው ቶሎ ቶሎ ሲመለስ

መጥረጊያ አይቀይሩ፣ እሳቱን ይዩ። ጥቀርሻ ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ነው። በፈሳሽ ነዳጅ ላይ የተለመዱት ምክንያቶች የበርነሩ ኖዝል ማለቅ፣ ነዳጁ በበቂ ሳይሞቅ ወፍሮ መረጨቱ፣ የአየር ማነስ፣ ወይም የአየር ማራገቢያው በአቧራ መደፈን ናቸው። የጭስ ትንተና መሣሪያ ካለ ኦክስጅኑንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ያስለኩ። ከሌለም ጥቁር ጭስ ራሱ በቂ ምስክር ነው።

ሲያቆሙና ሲከፍቱ

በርነሩ ጠፍቶ ሳለ የጭሱ ሙቀት መጨመር ከጀመረ ጥቀርሻው ራሱ ተቀጣጥሏል፤ በተለይ ኢኮኖማይዘር (ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ በጭሱ ሙቀት የሚያሞቀው ክፍል) ላይ ይህ ያጋጥማል። በር አይክፈቱ፣ ማራገቢያ አያስነሱ፣ ሱት ብሎወሩንም አይንኩ። የአየር መግቢያውን ይዝጉና ውሃው መዞሩን እንዳያቋርጥ ያድርጉ። አየር ያጣ እሳት ይሞታል።

ለመጥረግ ሲገቡ ነዳጁና ኤሌክትሪኩ ተቆልፎ፣ ከሌላ ቦይለር የሚመጣው የእንፋሎት መስመርም ተዘግቶ ይሁን። ጭንብልና ጓንት የይስሙላ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን ካንሰር ከጥቀርሻ ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ጥቀርሻውን በመጥረጊያ ከማቡነን በቫኪዩም መሳብ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ቦይለሩ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነ ጥቀርሻውን ውስጥ ትተው አይሂዱ። ድኝ ካለው ነዳጅ የመጣ ጥቀርሻ ከአየር እርጥበት ይስብና አሲድ ይሆናል፤ ቱቦውን ቦይለሩ ሲሠራ ካደረሰበት በላይ ቆሞ ሳለ ይበላዋል። ወዲያው እንደቀዘቀዘ፣ ገና ደረቅ ሳለ ይጥረጉት። በውሃ ማጠብ ግድ ከሆነም አጥበው መተው አይቻልም፤ ጭሱ የሚያልፍበትን በኩል በትንሽ እሳት ወይም በሞቀ አየር እስኪደርቅ ድረስ ያድርቁት።