አውሮራ ለማየት ስታቅዱ ደመናውን አስቀድሙ

አውሮራ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታይ ባለቀለም ብርሃን ነው። ለማየት ወደ ትሮምሶ (ኖርዌይ) ወይም አቢስኮ (ስዊድን) ለመሄድ ጊዜው ከመስከረም እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው፤ በበጋቸው ሌሊቱ አይጨልምም። አንድ ሌሊት ብቻ መያዝ ቁማር ስለሆነ ቢያንስ 4 ይሁን። ብዙዎች የኬፒ ቁጥር (የምድርን መግነጢሳዊ መናወጥ ከ0 እስከ 9 የሚለካ) ላይ ያፈጥጣሉ፤ እዚያ ግን ኬፒ 2 እንኳ ይበቃል። ጉዞውን የሚያበላሸው ደመና ነው። ስለዚህ በየቀኑ የደመና ትንበያ እዩ፤ ትሮምሶ ከተሸፈነ ከባሕሩ ርቃችሁ ወደ ውስጥ ንዱ። አቢስኮን ተራሮቿ ከዝናብ ስለሚከልሏት ሰማይዋ ብዙ ጊዜ ይጠራል።

ለፎቶ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ያስፈልጋል፤ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600፣ ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ይሁን፣ ፎከሱን በእጅ ኮከብ ላይ አስተካክሉ (አውቶፎከስ በጨለማ ይስታል)። ብርዱ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ መለዋወጫውን በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ። ወደ ሙቅ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፣ አለበለዚያ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል።