የመድረክ ውይይት እንዴት ልምራ ለምትሉ

ጎንደር ውስጥ ውይይት ስመራ ከሁሉ በፊት የምጨነቀው ለርዕሱ ነው። «የአካባቢ ጥበቃ» ብላችሁ ሰው አትጥሩ፤ ሁሉም ተስማምቶ ይበተናል። «እምቦጭን በእጅ መንቀል ጣናን ያድናል ወይ?» በሉ። ያኔ ተናጋሪው አቋም ይዞ ይመጣል።

ከተወያዮቹ አንዱ ከጎርጎራ የመጣ ዓሣ አስጋሪ ይሁን፤ ውይይቱንም እሱ ይክፈተው። ምሁሩ ከቀደመ አስጋሪው «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ይቀመጣል። መረቡ በአረሙ ሥር ሲተበተብ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን ግን እሱ ነው። ምሁሩ ከዚያ ያብራራ፦ አረሙ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መታየቱን፣ ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያ እንደሚያፋፋው፣ ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት እንደሚቆይ።

ለአንድ ሰው 7 ደቂቃ ይበቃል። የክብር እንግዳው መክፈቻ ጊዜውን እንዳይበላው ቀድማችሁ በአክብሮት ተነጋገሩ። በጥያቄ ሰዓት ማይኩን አታስረክቡ፤ እናንተው ያዙላቸው። አባቶች ሲመርቁ ግን አታቋርጡ፤ «አሜን» ብላችሁ ስታበቁ «አባባ፣ ጥያቄዎ ምንድን ነው?» ብትሉ የሚቀየም የለም። ሴቶች ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚቀመጡ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከዚያ ተቀበሉ።